የፈንገስ ዱቄቱ ለሁሉም ሰብል አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። በግብርና ገጻችሁ ላይ ስለ አፈር ፈንገስ የወጣውን ጽሑፍ ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። ፈንገስ ሲባል ዋግና ሻጋታ ብቻ ትዝ ለሚለን ሰዎች፣ ሥር ውስጥ ገብቶ እየበላ የሚያበላ ፈንገስ እንዳለ መጻፉ ትልቅ ነገር ነው። በተለይ እኛ አካባቢ። አዊ ውስጥ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፋችንን የፈንገስ በሽታ ከመታው ወዲህ የፈንገስ ስም ሲነሳ ሰው ፊቱን ያዞራል።

አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ግን ቆምኩ። «ማንኛውም ሰብል ከእነዚህ ፈንገሶች ጋር ተጋግዞ ይኖራል» ይላል። አይኖርም። ጎመን አይኖርም፣ ጎመን ዘር አይኖርም፣ ግብጦ አይኖርም፣ ቆስጣና ቀይ ሥርም አይኖሩም። ይህ ጥቃቅን ስህተት ለቀማ እንዳይመስላችሁ። ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ይዘው ገበያ የወጡ ሰዎች አሉ፤ እመጣበታለሁ።

ዳንግላ ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ክረምት ሊወጣ ሲል ተማሪዎቼ ከየማሳቸው ሥር ይዘው እንዲመጡ አዛቸዋለሁ። ጤፍ፣ ገብስ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ግብጦ፣ ያገኙትን። ጎትቶ መንቀል የለም። ቀጫጭኑ ሥር መሬት ውስጥ ስለሚቀር በዶማ ቆፍሮ ከነአፈሩ ማንሳት ነው። እናጥበዋለን፣ እንቆራርጠዋለን፣ 10 በመቶ በሆነ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ አድርገን በፈላ ውሃ ላይ እናሞቀዋለን። ሥሩ ይነጣና ብርሃን ማሳለፍ ይጀምራል። ከዚያ ደጋግሞ ማለቅለቅ ነው። ማቅለሚያውን ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ጥቁር የብዕር ቀለምና የወጥ ቤት አቼቶ። ቀልድ አይደለም። ዘዴው በ1998 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መጽሔት የታተመ ነው፤ ለእንደኛ ዓይነቱ ቤተ ሙከራ ደግሞ ዋጋው ይቻላል።

የጤፍ ሥር ማይክሮስኮፕ ላይ ሲወጣ ክፍሉ ይንጫጫል። ጠቆር ያለ ሰማያዊ ክር ከውጭ መጥቶ የሥሩን ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። በሴሎቹ መሀል ይሄዳል። ከዚያ አንዱ ሴል ውስጥ ገብቶ፣ ቅርንጫፍ ላይ ቅርንጫፍ እያወጣ፣ ሴሉን ይሞላዋል። አርባስኩል ይባላል። ሴሉ አይሞትም። እያንዳንዷን የፈንገስ ቅርንጫፍ በራሱ ስስ ሽፋን ይጠቀልላታል፤ ልውውጡ የሚካሄደው በዚያ ሽፋን በኩል ነው። ፈንገሱ ከአፈር የሰበሰበውን ፎስፈረስ ይሰጣል፣ ተክሉ ስኳርና ስብ ይሰጣል። አርባስኩሉ ጥቂት ቀናት ይቆይና ይፈርሳል፣ ሌላ ሴል ውስጥ ሌላ ይሠራል።

ቀጥሎ የጎመኑ ሥር ይመጣል። ባዶ። ግብጦውም ባዶ። አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ ቀለሙ ሳይገባው ቀርቶ ነው» ብላ የግብጦውን እንደገና ቀቅላ አቀለመችው። ያው ነው። ከአንድ መንደር፣ ከአንድ ዓይነት ቀይ አፈር የመጣ ሥር ነው። ፈንገሱ አፈሩ ውስጥ ለመኖሩ አጠገቡ የበቀለው ጤፍ ምስክር ነው። ልዩነቱ ያለው ዘሩ ውስጥ ነው። የእናንተ ጽሑፍ የዘለለውም ይህን ነው፤ ስለ አፈሩ ብዙ አለ፣ ስለ ተክሉ ዘረ-መል አንዲት ቃል የለውም።

በአጭሩ እንዲህ ነው። ተክሉ ፎስፈረስ ሲርበው ሥሩ ስትሪጎላክቶን የሚባል ኬሚካል ወደ አፈር ይለቃል። ፈንገሱ ይህን ሲያገኝ ክሩን ማባዛት ይጀምራል። የጃፓን ተመራማሪዎች ይህን በ2005 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። ፈንገሱም በፋንታው የራሱን ኬሚካል ይልካል። የሥሩ ሴል ያን ሲቀበል፣ ኒውክለሱ ውስጥ የካልሲየም መጠን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል። ይህን ምት የሚያነብ ሲካምኬ የሚባል ፕሮቲን አለ። እሱ ሲያነብ ሌሎች ዘረ-መሎች ይነሳሉ፣ ሴሉ ፈንገሱን ለመቀበል ይሰናዳል። ሲካምኬን የሚሠራው ዘረ-መል የተበላሸበት ተክል ፈንገሱ ደጁ ድረስ ቢመጣም አያስገባውም።

አሁን ግብጦን ተመልከቱ። ግብጦ ጥራጥሬ ነው። ሥሩን የሚከብ እባጭ አለው፤ እባጩን በምላጭ ብትቆርጡት ውስጡ ቀላ ይላል። እዚያ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር ያመጡለታል። ባክቴሪያው የሚገባውም በዚያው በካልሲየምና በሲካምኬ መንገድ ነው! መንገዱ በመጀመሪያ የፈንገሱ ነበር። ስኮትላንድ ውስጥ ራይኒ በሚባል ቦታ፣ 407 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠረ ድንጋይ ውስጥ፣ አርባስኩል ያለበት ተክል ተገኝቷል። ያ ተክል እውነተኛ ሥር እንኳ አልነበረውም። ጥራጥሬዎች ከብዙ ዘመን በኋላ መጥተው በተጠረገ መንገድ ባክቴሪያ አስገቡበት።

ስለዚህ ግብጦ መንገዱን ጨርሶ ሊጥለው አልቻለም፤ ባክቴሪያው ይቀርበታል። የመጀመሪያውን ግማሽ አስቀርቶ፣ ለፈንገሱ ብቻ የሚያገለግሉትን የመጨረሻዎቹን ዘረ-መሎች ጣለ። ስብ ወደ ፈንገሱ ያሻግራሉ ተብለው የሚታሰቡት ስትር እና ስትር2 የሚባሉት ከጠፉት ውስጥ ናቸው። ይህ ለፈንገሱ ሞት ነው። እነዚህ ፈንገሶች የራሳቸውን የስብ አሲድ ከመነሻው የሚሠሩበት ዘረ-መል የላቸውም። ስቡን የሚያገኙት ከተክሉ እንደሆነ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጡ የተለያዩ ጥናቶች በአንድ ጊዜ አሳይተዋል።

ጎመንና ዘመዶቹ ደግሞ ባክቴሪያም ስለማይፈልጉ ምንም የሚያስቀሩበት ምክንያት አልነበራቸውም። ሲካምኬንም ጨምረው ጥለውታል።

«ታዲያ ግብጦው ፎስፈረሱን ከየት ያመጣል?» ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ ነበር፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ግብጦ ፎስፈረስ ሲያጥረው እንደ ጠርሙስ መጥረጊያ ብሩሽ የተጠጋጋ ሥር ያወጣል። ከዚያ ሥር ሲትሪክ አሲድ አፈሩ ላይ ይለቃል። አሲዱ ብረትና አሉሚኒየም ይዘው አልለቅ ያሉትን ፎስፈረስ ያስለቅቃል። የእኛ የጎጃም አሲዳማ አፈር ችግሩ በአብዛኛው ይኸው ነው፤ ፎስፈረስ አለ፣ ግን ታስሯል። ሰው የደከመ መሬት ላይ ግብጦ የሚዘራው ዝም ብሎ አይደለም። አረቄውና ቆሎው እንዳለ ሆኖ።

እንግዲህ ወደ ገበያው ልምጣ። ወንድም ጋሼ ገበሬ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ነጋዴ «የአፈር ወዳጅ ፈንገስ» ብሎ ከረጢት ሸጠለት። ለጎመን ችግኝም፣ ለግብጦም፣ ለጤፍም፣ «ለሁሉም ይሆናል አባቴ» ብሎት። ከረጢቱን አየሁት። የፈንገሱ ስም የለበትም። የተመረተበት ቀን የለበትም። እነዚህ ፈንገሶች ያለ ሕያው ሥር በቀላሉ የሚራቡ አይደሉም። ስለዚህ ጥሩ ምርት የሚዘጋጀው ተክል ላይ ነው፤ ስፖሩም፣ ማለትም የፈንገሱ ዘር፣ በሕይወት ካልደረሰ አመድ መነስነስ ነው። ያ ከረጢት ደግሞ ፀሐይ ላይ ተከምሮ የከረመ ነው። ወንድሜ ጎመኑ ላይ ነሰነሰው፣ ግብጦው ላይ ነሰነሰው። በየትኛው ዘረ-መል ይቀበሉት? ጤፉ ላይ ደግሞ ፎስፈረስ ያለበትን ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ሙሉውን ከነዱቄቱ አደረገ።

ይህም ሁለተኛው ነገር ነው፤ ጽሑፋችሁ አልነካውም። ተክሉ ፎስፈረስ ከጠገበ ፈንገሱን ራሱ ያሳንሰዋል። የሚያበላውን ስብና ስኳር ይሰስታል፤ ከሚያመርተው ምግብ እስከ 20 በመቶ ለፈንገሱ ሊሄድ ስለሚችል ቢሰስት አይፈረድበትም። ሩዝ ላይ የተሠራ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሠራሩን አሳይቷል። የፎስፈረስ ረሃብን የሚቆጣጠረው ፒኤችአር የሚባል ፕሮቲን፣ ለፈንገሱ የሚያስፈልጉ ዘረ-መሎችንም የሚያስነሳው እሱ ነው። ፎስፈረስ ሲበዛ ኤስፒኤክስ የሚባሉ ሌሎች ፕሮቲኖች ይይዙትና ሥራ ያስቆሙታል። ወንድም ጋሼ በአንድ እጁ ፈንገስ እየጨመረ በሌላው እጁ ተክሉን «አትቀበል» እያለው ነበር ማለት ነው። ሁለቱንም በገንዘቡ።

ማዳበሪያ ይቅር እያልኩ አይደለም። ፈንገስ ፎስፈረስ አይፈጥርም፤ ሥሩ ከማይደርስበት ያመጣል እንጂ። አሲዳማ መሬት ኖራ ይፈልጋል። ይህን የግብርና ባለሙያዎቻችን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

አሁን አቀንጭራ ወደሚባለው ጥገኛ አረም ልሂድ፤ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። እኛ ጋ ብዙም የለም፤ ማሽላ በሚዘራበት ቆላ ያላችሁ አንባቢዎች ግን ታውቁታላችሁ። አበባው ሲያዩት ያምራል፣ ከሥር ግን የማሽላውን ደም ይመጥጣል። አንድ ተክል ብዙ አሥር ሺህ ዘር ይጥላል። ዘሩ ዱቄት ነው የሚያክለው፤ አፈር ውስጥ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ተኝቶ ይጠብቃል። ምን ይጠብቃል? ስትሪጎላክቶንን! ማሽላው ርቦት ፈንገሱን ሲጠራ አቀንጭራውም ይሰማል፣ ይነቃል፣ ሥሩ ላይ ይጣበቃል። ለእንግዳ በተከፈተ በር ሌባ እንደመግባት ነው። ኬሚካሉ መጀመሪያ የታወቀውም በዚህ ክፉ ሥራው ነበር፤ በ1966 እ.ኤ.አ. ከጥጥ ሥር ሲለይ የአቀንጭራን ዘር የሚያበቅል ነገር ተብሎ ነው። ለፈንገሱ የታሰበ መሆኑ ለመታወቅ 39 ዓመት ፈጀ። አቀንጭራ የደከመ መሬት ላይ ለምን እንደሚብስም ከዚሁ ይገባል፤ የተራበ ሥር አብዝቶ ይጠራል።

የአገራችን ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ሥራቸው ጭምር ነው። ጎቢዬና አብሽር የተባሉትን ዝርያዎች ቆላ ያለ ገበሬ ያውቃቸዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ከመቋቋሙ ጀርባ ካሉት አንዱን ዘረ-መል ለይተው አወጡ፤ ኤልጂኤስ1 ይባላል። ዘረ-መሉ ሲጠፋ ማሽላው ስትሪጎላክቶን መልቀቁን አያቆምም። ዓይነቱን ይቀይራል። ዋናው ኬሚካል ኦሮባንኮል የሚባለው ይሆናል፤ ይህ አቀንጭራን እምብዛም አይቀሰቅስም፣ ለተክሉ ግን የስትሪጎላክቶንን ሌላ ሥራ ይሠራለታል። ጥሪውን ጨርሶ ዝም ከማሰኘት ይልቅ ሌባው እምብዛም የማይሰማውን ጥሪ ማግኘት! ይህ ለውጥ አቀንጭራ በበዛባቸው የአፍሪካ አካባቢዎች ባሉ የገበሬ ማሽላዎች ውስጥ በብዛት መገኘቱም ታውቋል። ዘሩን እያማረጠ ያስቀመጠው ገበሬ ስለ ኤልጂኤስ1 ምን ያውቃል። ማሳው ላይ የቆመውን ነው ለዘር ያስቀረው።

ገብስ ላይ ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ሆኗል። ይህንን ታሪክ ክፍል ውስጥ ስናገር ድምፄ ከፍ ይላል፤ ተማሪዎቼ ይቀልዱብኛል። በ1937 እና በ1938 እ.ኤ.አ. የጀርመን ተመራማሪዎች ኢትዮጵያ መጥተው የገበሬ ገብስ ሰብስበው ሄዱ። ከዚያ ውስጥ ቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት የነሰነሱበት የሚመስለውን የሻጋታ በሽታ የማይቀበል ገብስ ተገኘ። በሽታውን የሚያስገባው ኤምኤልኦ የሚባለው ዘረ-መል በእኛ ገብስ ላይ በተፈጥሮ ደክሟል። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን የያዙ ዝርያዎች አውሮፓ ውስጥ ተዘሩ፤ መቋቋሙ እስካሁን አልተሰበረም። ብዙ የበሽታ መከላከያ ዘረ-መል በጥቂት ዓመት ውስጥ በሚሸነፍበት ዓለም ይህ ብርቅ ነው።

ግን አንድ ነገር ሲያስጠይቅ ኖሯል። ተክሉ በሽታ የሚያስገባበትን ዘረ-መል ለምን ይዞት ይኖራል? መልሱ በ2020 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ አገር መጣ። ይህ ዘረ-መል የሌላቸው ገብስ፣ ስንዴና አንድ የጥራጥሬ ዘመድ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራቸው ውስጥ የሚገባው ወዳጅ ፈንገስ ቀንሶ ተገኘ። ኤምኤልኦ ድሮውንም የወዳጁ ፈንገስ መግቢያ ነበር። የቅጠሉ ሻጋታ መጥቶ ተጠቀመበት። አውሮፓ ማዳበሪያው ስለማይጎድል ጉዳቱ ላይታይ ይችላል። ግማሽ ከረጢት ኤንፒኤስ ለማግኘት ወረፋ በሚጠበቅበት ማሳ ላይስ? እኔ መልስ የለኝም። መጠየቅ ግን አለበት።

ጥያቄዬም ይኸው ነው። ማዳበሪያው ሙሉ በሆነ የሙከራ መደብ ላይ ብቻ የተመረጠ ዝርያ ከፈንገስ ጋር ያለው ነገር አይታወቅም፤ ጠግቦ ነዋ ያደገው። አዲስ ዝርያ ሁሉ ከፈንገስ ጋር ተጣልቷል የሚሉም አሉ። ይህም ልክ አይደለም፤ ብዙ ሙከራዎች ተደምረው ሲታዩ እንዲያ አልወጣም። ዝርያ ከዝርያ ይለያያል ነው እውነቱ። ስለዚህ በምርምር ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ዝርያ ስትፈትሹ አንዱን መደብ ማዳበሪያ ቀንሱበትና ሥሩን ቆፍራችሁ አቅልሙት። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የአሥረኛ ክፍል ልጆች ይሠሩታል።

መሞከር የምትፈልጉ መምህራን ካላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፖታሺየም ሃይድሮክሳይዱ ቆዳም ዓይንም ያቃጥላል። ያለ ጓንትና ያለ መነጽር ልጅ አታስነኩት፤ ማሞቁን ራሳችሁ ሥሩት። አቼቶው የፈለገው ዓይነት ይሁን። ብዕር ቀለሙ ግን ሁሉም አይሠራም፤ ትንሽ ሥር ላይ ሞክራችሁ የሚይዘውን ምረጡ።

ለአዘጋጁ ደግሞ ልመናዬ አጭር ነው። በሚቀጥለው እትም፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ጎመን ዘር፣ ግብጦ፣ ቆስጣና ቀይ ሥር ላይ የፈንገስ ዱቄት መግዛት ገንዘብ መጣል እንደሆነ በጉልህ ጻፉልን። ለሌላው ሰብል የሚገዛም የፈንገሱን ስምና የተመረተበትን ቀን ከረጢቱ ላይ ይፈልግ፤ ከሌለ ይለፈው። ቶሎ ብታወጡት ይመረጣል፤ ነጋዴው ዘንድሮም ገበያው ላይ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የባዮሎጂ መምህርት
ዳንግላ